የአንድ እጅ ቁራኛ

ማክሰኞ ዕለት አንድ የአፈጻጸም ችሎት ደጃፍ ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ምሳ ሰዓት ተገትሬ አረፈድኩ። ባለጉዳዩ እኔ አይደለሁም። ከግቢያችን ጀርባ የምትኖር፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የማውቃት ልጅ ናት፤ “ጋሼ፣ ብቻዬን ስሄድ ይንቁኛል፣ አብረውኝ ይቁሙ” ብላኝ ሄድኩ። ቆምኩላት። በነገራችን ላይ ሰው አብሮ በመቆሙ የሚለወጥ ነገር እንደሌለ አረጋግጬ ተመልሻለሁ።

ለሰባት ዓመት ልጇ በወር ሦስት ሺህ ብር ቀለብ ከተፈረደላት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ያኔ ደውላ “ተገላገልኩ ጋሼ!” ስትለኝ ደስታዋን ላለማጥፋት ዝም አልኩ። ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ታውቃላችሁ፤ እዚህ አገር ተፈረደልህ ማለት ሌላ መዝገብ ክፈት ማለት ነው።

የአፈጻጸም መዝገብ ይባላል። የፍርዱን ግልባጭ ታያይዣለሽ። ባለዕዳው የት እንደሚገኝ፣ ምን ንብረት እንዳለው አንቺው ትጠቁሚያለሽ። ለመሥሪያ ቤቱ የሚሄደውን ደብዳቤ አንቺው ታደርሻለሽ፤ ለፖሊስ የሚሄደውንም እንዲሁ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ይዛ ሰውየው ይሠራበት ወደነበረ ድርጅት ስትሄድ በደህና ተቀበሏት፤ በወሩ ስትመለስ “ለቋል” አሏት። ደመወዝተኛ አባት ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ፍርድ ቤት ካዘዘ ሲሶው ድረስ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ሰውየው ሳይነካው ያልፋል። መያዝ የሚያስቸግረው በእጁ እንጂ በደመወዝ ደብተር የማይኖረው ሰው ነው። ደላላው፣ ነጋዴው፣ መኪናዋን በእህቱ ስም ያዞረው።

የእኛው ሰው ችሎት ፊት ቆሞ አንገቱን ደፋ። “ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሥራ የለኝም፤ የምኖረው በቤተሰብ ድጋፍ ነው።” ይህን እያለ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ዳኛዋ ገሠጸችው፣ አጠፋው። ከችሎት ስንወጣ ግን ኮሪደሩ ላይ ደግሞ አበራውና “ከዘጠኝ ሚሊዮን እንዳትወርድ በላቸው፣ ገዢው የእኔ ሰው ነው” ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ድጋፍ የሚያደርግለት ቤተሰብ ትልቅ ሳይሆን አይቀርም። ዳኛዋን አልከስም፤ ጠረጴዛዋ ላይ የተቆለለው መዝገብ ፊቷን ሊሸፍን ምንም አልቀረውም። ፖሊስ ስለ ንብረቱ አጣርቶ መልስ እንዲሰጥ አዛ ቀጠረች። ትእዛዙን ማን ያደርሳል? ልጅቷ።

አሁን ወደ አሮጌው ጠቤ ልመለስ፤ ወደ ሽማግሌዎቹ። ባለፈው ስለነሱ ስጽፍ “ባህል ታንቋሽሻለህ” ያላችሁኝ አላችሁ። ስሙኝ እንግዲህ። ሰውየው መክፈል ሲያቆም ልጅቷ ወዲያው ልትከስ ነበር። ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቤቷ ገቡ። “የልጅሽ አባት ነው፣ ትንሽ ታገሺ፣ እኛ አለን” አሏት። ስምንት ወር ታገሠች።

የቤተሰብ ሕጋችን ደግሞ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ማለቴ ነው፣ አንድ ነገር ይላል። ሳይሰበሰብም ሳይጠየቅም ሦስት ወር ያለፈው ውዝፍ ቀለብ፣ ለመተዳደሪያ የግድ እንደሚያስፈልግ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ከዚያ በኋላ አይጠየቅም። ይህ ሐሳብ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥም ነበረ። አመክንዮው ይገባኛል፤ ቀለብ ለዕለት ጉርስ ነው፣ ለማጠራቀሚያ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ስሌት ልጁ ያለ አባቱ ገንዘብ ሦስት ወር ከሰነበተ ገንዘቡ ላያስፈልገው ይችላል ማለት ነው! የሰነበተው እናቱ ተበድራ እንደሆነ አሁን የምታስረዳው እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ “ታገሺ” ሲሉ ይህን አልነገሯትም። ያውቁታልም ብዬ አልጠረጥርም። የታገሠችበት ግን በሙግት የሚገኝ ሆነ፤ ጋቢዎቹም ከዚያ ወዲህ አልታዩም።

የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚከለክልን ሰው በቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ይህን ሳነሳ ሁለት መልስ አይጠፋም። አንደኛው “ካሰረችው ምን ሠርቶ ይከፍላል?” ነው፤ ደህና ጥያቄ ነው። ሁለተኛው “ሴቶቹ እኮ ገንዘቡን ለራሳቸው ነው የሚያደርጉት” ነው። በሦስት ሺህ ብር ልጅ አብልቶ፣ አልብሶ፣ አስተምሮ የሚተርፋት ሴት ካለች አድራሻዋን ላኩልኝ፤ የገንዘብ ሚኒስቴር ይፈልጋታል።

ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ የአክስቴ ልጅ አለ። በደወለ ቁጥር “ቻይልድ ሰፖርት ገደለኝ” ይላል። እዚያ ደመወዝተኛ ቢሆን እንደ ሁኔታው እስከ 65 በመቶ ድረስ ሊቆረጥበት ይችላል፤ ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ ፓስፖርት ይከለከላል። የሱን መንጃ ፈቃድ አግደውበት ነበር። ነጂን መንጃ ፈቃድ ነጥቆ ክፈል ማለት ለእኔ ጅልነት ነው፣ አልደግፈውም። የምቀናው በሌላ ነገር ነው፤ የቀድሞ ሚስቱ አንድም ቀን ደብዳቤ ተሸክማ አልዞረችም። የሚያሳድደው መንግሥት ነው።

በእኛ አገር በድሮው ሥርዓት ቁራኛ የሚባል ነገር ነበር። ባለዕዳና ባለገንዘብ ዕዳው እስኪከፈል አንድ ላይ ይታሠራሉ፤ በሰንሰለት፣ አንዳንዴም በነጠላ ጫፍ። አብረው ገበያ ይወጣሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ለመጸዳዳት እንኳ አብረው ናቸው። የውጭ ተጓዦች ተገርመው ፎቶግራፍ አንስተዋቸዋል። ልጅ ሳለሁ አያቴ ይህን ሲያወራ ግራ የሚገባኝ ነገር ባለገንዘቡ ምን በደለ የሚለው ነበር። ገንዘቡን ማጣቱ ሳያንስ መታሠሩ! ማክሰኞ ዕለት ልጅቷ ፌስታል ሙሉ ወረቀቷን ታቅፋ ደረጃውን ስትወርድ የአያቴ ጨዋታ ትዝ አለኝ። የሰንሰለቱ አንድ ጫፍ እጇ ላይ ነው። በሌላው ጫፍ መታሠር የነበረበት ሰው ቦሌ ቤት ያሻሽጣል።

የዚህ ሳምንት እቁብ ለሷ ወጣላት። የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ልትከፍልበት ነው። እቁቡም የራሱ ዳኛ አለው፤ መጥሪያ የለ፣ መዝገብ ቤት የለ፣ የከዳ አባል ሰምቼ አላውቅም። ምስጢሩ አንድ ነው፤ ዋስ ያላቀረበ ብሩን አይነካም። ሐሙስ ማታ ወረቀቱን ይዛ መጣች። መታወቂያዬን ኮፒ አስደርጌ ፈረምኩላት፤ ልጁ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። የችሎቱ ቀጠሮ ለጥር 14 ነው።