ሐርጌሳ የኛ ዕዳ አለባት ወይ?



ከጥቂት ሳምንታት በፊት በኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የዚህ አገር ሰዎች የሚያኖሩን ብድራችንን እየመለሱ ነው አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። መልስ ሳልሰጥ ደወል ተደወለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝምና።

በዚያው ሳምንት ይኸው ልጅ ከንፈሩ አብጦ መጣ። ምን ሆንክ ብለው፣ ኳስ ሲጫወቱ ከአንድ የሰፈር ልጅ ጋር ተጣልቶ ኖሯል። ልጁ «ሀበሻ፣ ወደ አገርህ ሂድ» ቢለው የኛው ልጅ ደግሞ «አባትህ የኛን እንጀራ በልቶ ነው ያደገው» ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ይህን ነገር ከማን ሰማህ ብዬ ብጠይቀው «ቤት ነው የሰማሁት» አለኝ። እኔም በቤት ውስጥ የምንናገረውን አስቤ ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ታሪኩን ትልልቆቹ ታውቁታላችሁ፤ ለልጆቹ ግን ልንገር። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጅ ሲሆን እገልጻለሁ። በግንቦት 1980 ዓ.ም. የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች በ19 ቡርዖ፣ በ23 ደግሞ ሐርጌሳ ገቡ። የሲያድ ባሬ መንግሥት ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በመሐል ከተማው ከፍ ብላ የቆመችው ሚግ አውሮፕላን የዚያ ጊዜ መታሰቢያ ናት፤ በሥሯ ስታልፉ ቀና ብላችሁ ሳታዩ አትቀሩም። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። በጅጅጋ በኩል የተሠራው የሐርታሼክ መጠለያ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው አስጠግቶ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የስደተኞች ሰፈር እስከ መባል ደረሰ። የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በሐርጌሳ ሻህ የምትሸጥላችሁ እናት፣ ታክሲ የሚነዳው ጎልማሳ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ በሐርታሼክ ውኃ ለመቅዳት ተሰልፎ እንዳደገ ብትጠይቁ ትደነቃላችሁ። «ቀሖቲ» ብለው ሲጠሩን የራሳቸውን የትናንት ስም ነው የሚጠሩት።

እንግዲህ ወላጆች «ብድር በምድር» የሚሉት ይህን ይዘው ነው። እነሱ ትናንት ከኛ ዘንድ ነበሩ፣ ዛሬ እኛ ከነሱ ዘንድ ነን፤ ሒሳቡ ይኸው ነው ይላሉ። ነገሩ ሲሰሙት ያምራል፤ ልብንም ያሳርፋል። ሰው በሰው አገር አንገቱን ደፍቶ ሲኖር «የራሴን ነው የምበላው» የሚል ሐሳብ እንደሚያጽናና አውቃለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። ነገር ግን ሒሳብ ከተባለ እስቲ በደንብ እንተሳሰብ።

ለመሆኑ አበዳሪው ማን ነው? ከሐርጌሳ የሸሸውን ሰው መጀመሪያ የተቀበለው በጅጅጋ አካባቢ የሚኖረው፣ በቋንቋም በዘርም ወገኑ የሆነው ሶማሌ ነበር። ጎንደሬው፣ ወሎዬው፣ የአዲስ አበባው ሰው በዚያን ጊዜ ሐርታሼክ የሚባል ስም እንኳ ስንቱ ሰምቶ ነበር? የጅጅጋ ሰው ያበደረውን የደሴ ሰው ልሰብስብ ቢል ዳኛ ፊት የሚያስኬድ አይደለም።

ይህም ብቻ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የተነሣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከኢትዮጵያ ወደ ሶማሊያ ተሰዶ ነበር፤ ከፊሉም በዚሁ በሐርጌሳ ዙሪያ ነው የሰፈረው። ታዲያ ቀድሞ ያበደረ ማን ሆነ? ደግሞ በ1980 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ መንግሥቱ ኃይለማርያምና ሲያድ ባሬ ተስማሙ፤ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚዎች እንዳይረዳ ተዋዋሉ። በኢትዮጵያ ምድር የነበሩት የንቅናቄው ተዋጊዎች መጠጊያ ሊያጡ ሲሆን ነው በግንቦት ወደ ከተሞቹ የገቡት። እንግዲህ እሳቱ ከመነሣቱ በፊት በነበረው ነገር የኛም መንግሥት እጅ አለበት። እኛ ስንቆጥር እነሱም ይቆጥራሉ፤ ከቆጠሩ ደግሞ የሚያወጡት ሒሳብ የኛን ላይመስል ይችላል።

የብድር ክፋቱ ሌላም አለው፤ ብድር ያልቃል። አንድ ቀን ባለዕዳው «ይኸው ከፈልኩ፣ ቆጥሬልሃለሁ» ቢል ምን እንመልሳለን? ስንት ዓመት ላይ ነው የሚያልቀው? ምንም ያላበደረ ሕዝብስ ቤቱ ሲቃጠል ወዴት ይሂድ? ከየመን ባሕር ተሻግረው እዚሁ ከተማ የገቡ ስደተኞች አሉ፤ አብረናቸው ለወረፋ ቆመናል። እነሱንስ ብድራችሁ የት አለ ልንላቸው ነው?

ወደ ጥንቱ ብንመለስ የምናገኘው መልስ ሌላ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ የነቢዩ መሐመድ የመጀመሪያ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ ሐበሻ መጡ። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የቁረይሽ ሹማምንት ሁለት መልእክተኞች በስጦታ ጭነው ወደ ንጉሡ ወደ ነጃሺ ላኩና ሰዎቹን መልስልን አሉት። ነጃሺ ሳልሰማቸው አልሰጥም አለ። ስደተኞቹን አስጠርቶ ጠየቃቸው፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ተነሥቶ ስለ ሁላቸው ተናገረ፤ ከቁርዓንም ስለ መርየም የሚናገረውን አሰማ። ስጦታው ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ፣ ሰዎቹ ቀሩ። ልብ በሉ፤ ንጉሡ ለእነዚያ ሰዎች ምንም ዕዳ አልነበረበትም። ሃይማኖታቸውም የሱ አልነበረም። እንዲያውም ሊያገኘው የነበረውን ስጦታ ነው ያጣው። እኛ የዛሬዎቹ ግን ይህንንም ታሪክ አንሥተን «ያኔም ያስጠለልን እኛ ነን» እያልን የዱቤ መዝገብ አደረግነው። ነጃሺ ዱቤ የሰጠ አይመስለኝም።

እንግዲህ ብድር ካልሆነ ምጽዋት ነው ወይ? ምጽዋት የሰጪው ነው፤ ሲከፋው ይተወዋል። በፈረንጆች 1795 ዓ.ም. ካንት የሚባለው የጀርመን ፈላስፋ ስለ ዘላለማዊ ሰላም ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቷል። ካንት ዕድሜውን በሙሉ ከትውልድ ከተማው እምብዛም ርቆ ያልሄደ ሰው ነበር፤ ስለ እንግድነት የጻፈው ግን ብዙ የዞሩትን ያስንቃል። የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፤ እንግዳን መቀበል የደግነት ጉዳይ ሳይሆን የመብት ጉዳይ ነው። ምድር ክብ ናት፤ ሰዎች እስከ ወደዱት ድረስ ተራርቀው ሊኖሩባት አይችሉም፤ መጨረሻ ላይ መገናኘታቸውና አንዱ ሌላውን መቻሉ ግድ ነው። ከመጀመሪያውም በአንዱ ቦታ ላይ ከሌላው ይበልጥ ሥልጣን የነበረው ሰው የለም። ካንት ግን ገደብ አድርጎበታል፤ እንግዳው ለዘለቄታው ልስፈር ማለት አይችልም፣ ባለአገሩም የማይጠፋበት ከሆነ ሊመልሰው ይችላል። የሚጠፋበት ከሆነ ግን አይመልሰውም። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ለኛ ትልቅ ናት።

የአፍሪካ መንግሥታትም በጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አዲስ አበባ ላይ ስለ ስደተኞች የተዋዋሉት ስምምነት ከዚህ ሐሳብ አይርቅም። ከጦርነትና ከሁከት የሸሸ ሁሉ ስደተኛ ነው አሉ፤ ማስጠጋት ሰላማዊ ሥራ ስለሆነ የስደተኛው አገር ሊቀየምበት አይገባም አሉ፤ ማንም ያለ ፈቃዱ ወደ አገሩ አይመለስ አሉ። ስምምነቱ የጸናው በሰኔ 13 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ በፈረንጆች ጁን 20 የምናከብረው የስደተኞች ቀን የመጣው ከዚያ ነው።

አንዳንድ ወላጆች ይህን ስነግራቸው «ልጆቹን መብት መብት እያልክ አታስደፍርብን፤ በሰው አገር መብት የሚል ልጅ ይመታል» ብለውኛል። ሥጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ከንፈሩ ያበጠው ልጅ መብት አላለም፤ ዕዳ ነው የጠየቀው። መብት የሚለውን ቃል የተረዳ ልጅ ቃሉ የሱ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ከሐርጌሳ ሸሽታ ሐርታሼክ የገባችው እናት ያኔ የበላችው የኛን እንጀራ ሳይሆን የራሷን ድርሻ ነበር። ይህን ያወቀ ልጅ ያንን ስድብ ከየት ያመጣዋል? ምስጋናም በመብት አይሻርም። ሶማሊላንድ ከግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ጀምሮ ራሷን ችላ የምትኖር፣ ሆኖም የተባበሩት መንግሥታት አባል ያልሆነች አገር ናት። ራሷ ወረቀት ፍለጋ የምትንከራተት አገር ለኛ ቦታ መስጠቷን ሳስብ እኔ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ደብቀን አንለፍ። እኛ እንግዳ ተቀባዮች ነን እንላለን። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ብዙ ሰው ወደ አማራ ክልል ገባ፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈረ። በ2016 ዓ.ም. ከእነዚያ ሱዳኖች ከሺህ በላይ የሚሆኑት ዝርፊያውና ጥቃቱ ቢመርራቸው መጠለያውን ጥለው ወጥተው መንገድ ዳርና ጫካ አደሩ። ክልሉ ራሱ በጦርነት ውስጥ እንደነበረ አውቃለሁ። ቢሆንም ሱዳን አንድ ቀን ሒሳቡን ቢያወጣ በዚህ ገጽ ላይ ምን ይጽፍ ይሆን?

ያንን ልጅ ባለፈው ሐሙስ አግኝቼ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ቲቸር፣ መብት ከሆነ የሚከለክለኝን ሰው የት ነው የምከሰው?» አለኝ። አሁንም የምመልሰው አጣሁ። ወላጆችም ተማሪዎችም መልስ ካላችሁ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ ጽፋችሁ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ባለው ሣጥን ክተቱልን፤ ለሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።