በዋሂል ወገን ስላሉት የድንጋይ ሥዕሎችና ስለ መሬት አጠባበቅ

ለእርሻ ሥራ የተሾመ ሰው ስለ ጥንት ሥዕል ሲነገረው፣ «ይህ የሙዚየም ሰዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፉ የተለመደ ነው። ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በዋሂል ወገን ላለው ገጠር ግን እንዲህ ያለው ሐሳብ አይስማማም፤ በዚያ አገር ሥዕሉን የሚያጠፋውና እርሻውን የሚያጠፋው ነገር አንድ ነውና።

በዚሁ ወገን ለገ ኦዳ የሚባል ከገደል ሥር የተከለለ ዋሻ ይገኛል፤ ስሙም በኦሮምኛ የሾላ ወንዝ ማለት ነው። የጥንት ሰዎች በድንጋዩ ፊት ላይ ቀንዳቸው የረዘመ፣ ሻኛ የሌላቸው ከብቶችን፣ ላታቸው የሰፋ በጎችንና ሰዎችን በቀለም ሥለውበታል። ፈረንሳዊው ቄስና ሊቅ ሄንሪ ብረይ በ1933 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ወደ ድሬዳዋ መጥተው በከተማይቱ አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ሥዕሎች መርምረዋል፤ ስለ ለገ ኦዳም ሌሎች ሊቃውንት ጽፈዋል። የአገሩ ገበሬ ዛሬም ከብትና በግ የሚያረባ ስለ ሆነ፣ ሥዕሉ የገዛ ሥራው ታሪክ ነው።

ከገደል በላይ ያለው ዳገት ዛፉ ተቈርጦ ሣሩም በፍየል ጥርስ ያለቀ እንደ ሆነ፣ ዝናሙ ወደ መሬት መግባቱ ቀርቶ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የወረደውም ውሃ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል፤ በገደሉ ፊት የሚፈሰው ደግሞ ከድንጋይ የሟሟውን ኖራና ጨው በሥዕሉ ላይ ይለጥፍበታል። በዋሻው ጥላ ሥር ከብት ሲታጐር አቧራው፣ እሳት ሲነድም ጥላሸቱ ይጨመርበታል። ተራራ ሲራቈት የሚመጣው ጐርፍ ምን ያህል እንደሚከፋ ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ አይታለች፤ የደጫቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ገድሏል።

ቅርስንና ልማትን በአንድነት መያዝ አዲስ ፈሊጥ የሚመስለው ሹም ቢኖር ወደ ኮንሶ ይመልከት። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ የካበው እርከን በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያ እርከን እስከ ዛሬ የቆመው በአጥር ተከልሎ ሳይሆን ስለሚታረስበትና በየጊዜው ስለሚጠገን ነው።

ነገር ግን ለልማት የሚደረገው ትጋት ራሱ ጥፋት እንዳያመጣ ያሠጋል። በበጋ ሕዝቡ ለእርከን ሥራ ሲወጣ ድንጋይ የሚያነሣው በቅርብ ከሚያገኝበት ነው፤ የመንገድ ሠራተኛም እንዲሁ ያደርጋል። ሥዕል ያለበትን ገደል ያላወቀ ሰው በአንድ ቀን ሊፈልጠው ይችላል፤ የተፈለጠውንም የሚመልስ ገንዘብ የለም። ስለዚህ የወረዳው ሹም የዓመቱን የእርከን ሥራ ሲያስለካ፣ አስቀድሞ የአገሩን ሽማግሎች ጠርቶ ዋሻዎቹንና የቆዩትን የሾላ ዛፎች ያስመልክት፤ ድንጋይ የሚነሣበትንም ስፍራ ለይቶ ይወስን። አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅና እንዲጠብቅ ያዛል። ቀድሞ ስለ መሬቱ የሚጠየቀው ባለርስቱ ነበረ፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ ግን ጥያቄው ወደ ሹሙና ወደ ባለ ይዞታው ተዛውሯል።

ከገደሉ በላይ ያለውን ዳገት ከግጦሽ መከልከል ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ ድኻውን ከሣሩ መከልከል አይገባም። ፍየሉ ሳይገባ ባለቤቱ በማጭድ አጭዶ ይውሰድ። እንዲህ ያልተደረገለት ሰው ክልሉን በሌሊት ማፍረሱ የታወቀ ነው፤ ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይሆንም። ዘበኛም ከዚያው መንደር ይመረጥ፤ ደመወዙም በወሩ ይከፈለው። ጐብኚው ሥዕሉ እንዲደምቅለት ውሃ እንዳይረጭበት፣ ስሙንም በከሰል እንዳይጽፍበት የሚከለክለው እርሱ ነውና።

አንዳንድ ሹማምንት ጐብኚ በብዛት ይመጣል፣ ብርም ይፈሳል እያሉ ለሕዝቡ ተስፋ ይሰጣሉ። ይህን ማለት ባይኖር ይሻላል። ወደ እንዲህ ያለ ሩቅ ዋሻ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ከእርሱ የሚገኘውም ገንዘብ ለዘበኛው ደመወዝና ለመንገዱ ጥገና ቢበቃ መልካም ነው። ለገበሬው በእርግጥ ሊነገረው የሚቻለው ሌላ ነው፤ ዳገቱ ሲከለል ሣር ያጭዳል፣ የማሽላ ማሳውም ጐርፍ ይቀልለታል።