ያለ ደመወዝ የሚደረስ ጨዋታ
ተጫዋቹ በአንድ ባለታሪክ አምሳል ሰፊ ዓለም የሚዞርበትን የኮምፒዩተር ጨዋታ፣ ያለ ደመወዝና ያለ አዛዥ፣ ከዕለት ሥራቸው በተረፈው ሰዓት የሚደርሱትን ሰዎች ድካም እንደ ከንቱ የሚቈጥር ሰው፣ የድርሰትን ባሕርይ በቅጡ አልመረመረም እላለሁ። አስኪ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1992 እ.ኤ.አ. የኮምፒዩተር ቋንቋ ላልተማረ ሰው ጭምር የሚሆነውን፣ በኋላ አርፒጂ ሜከር በሚል ስም የታወቀውን የጨዋታ መሥሪያ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የጥበቡ ደጅ ለብዙዎች ቢከፈትም ድካሙ አልቀለለም፤ ደራሲው የመንደሩን መሬት በጥቃቅን አራት ማዕዘን ሥዕሎች አንድ በአንድ ከሸፈነ በኋላ፣ ተጫዋቹ የከፈተው ሣጥን ዳግመኛ ወርቅ እንዳይሰጥ፣ በወንዙ ዳር የቆመችውም አሮጊት ድልድዩ ከተጠገነ በኋላ ስለ መፍረሱ እንዳታለቅስ፣ ለእያንዳንዱ ነገር ፊተኛና ኋለኛ ሁኔታ መወሰን፣ ለአሮጊቷም ሁለተኛ ቃል መጻፍ አለበትና። ያችን ሁለተኛ ቃል ለመስማት ሲል ወደ ወንዙ የሚመለስ ተጫዋች እርሱ እውነተኛ አንባቢ ነው። የጨዋታ ደራሲው ካን ጋኦ በዚሁ በአርፒጂ ሜከር ኋለኛ እትም ሠርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ቱ ዘ ሙን»፣ ሁለት ሐኪሞች በሞት አፋፍ ያለን ሽማግሌ ትዝታ ወደ ኋላ እየተከተሉ ወደ ጨረቃ የመሄድ ምኞቱን ሊፈጽሙለት ሲደክሙ የሚያሳይ ሲሆን፣ ውጊያን ወደ ጎን ትቶ ፍቅርንና ኀዘንን የነገሩ ማዕከል በማድረጉ፣ በእኔ ፍርድ ከመልካም ልብ ወለድ ጋር የሚተካከል ሥራ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ስሙ ያልታወቀ ጀማሪ የደረሰው ጨዋታ እጅህ ቢገባ፣ እስከ ፍጻሜው ተጫወትና የተሰናከልህበትን ስፍራ ለይተህ ለደራሲው ጻፍለት።