ፉከራው ከሶፋ ላይ ሲሆን



ሰሞኑን ፌስቡክ ከፍቶ ፉከራ ሳያይ የሚዘጋ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ሁሉም ጄኔራል ሆኗል። ካርታ ይስላል፣ ግንባር ይከፍታል፣ ከተማ ይይዛል፣ ከዚያ ዳታው ሲያልቅ ይተኛል። እኔን የሚገርመኝ ግን በእውነት የተዋጋ ሰው ሲፎክር ያየሁት በጣም ጥቂት ጊዜ መሆኑ ነው።

ትምህርት ቤታችን ጥበቃ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ይመለከት ነበር፤ እሳቸውንም ከእርሻቸው አንስቶ ናቅፋ ግንባር፣ ናደው እዝ ጣላቸው። ስለ ጀግንነት ስጠይቃቸው አንድም ቀን መልሰውልኝ አያውቁም። ስለ ውሃ ጥም ግን ሰዓት ሙሉ ያወራሉ። ስለ ቅማል። ማታ ማታ ከማዶው ምሽግ ስለሚሰማው ዘፈን። "ትግርኛ አልሰማም ነበር፣ ዜማው ግን ይገባኝ ነበር። ሲነጋ ወደዚያው ድምፅ ተኩስ ይሉሃል" አሉኝ።

የካቲት 1980 አዛዣቸው ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ተረሸኑ። በወሩ እዙ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። የጋሼ ልብ የተቆረጠው ግን በሽንፈቱ አይደለም። "ከፊት ያለው እኛን ይገድላል፣ ከኋላ ያለው አዛዣችንን ገደለ። ታዲያ ጠላቴ የቱ ነው?" ነው የሚሉት እስከ ዛሬ።

ግንቦት 1983 ሊቀመንበሩ በአውሮፕላን ወጡ። ወታደሩ በእግሩ። ጋሼም በእግራቸው ሱዳን ገብተው፣ ተመልሰው፣ የወታደር ካፖርታቸውን ለእንጀራ ሸጡ።

የታሪክ መምህር ነኝና ልናገር፤ መጽሐፋችን ዓመቱን ይሰጣል፣ የመሪዎቹን ስም ይሰጣል። ልጆቹም የሚጠይቁኝ "ማን አሸነፈ?" ብለው ነው። ካፖርቱን የሸጠው ሰውዬ ፈተና ላይ አይመጣማ!

"አገር ሲወረርስ?" ትሉኛላችሁ። ዓድዋን በየዓመቱ ደረቴን ነፍቼ ነው የማስተምረው፣ በዚህ አትምጡብኝ። ወታደርን መናቄም አይደለም፤ እንዲያውም ወታደሩን የናቀው በስሙ ሶፋ ላይ ሆኖ የሚፎክረው ነው። እኔ የማወራው በሁለቱም ምሽግ የእኛው ልጅ ስላለበት ጦርነት ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 አይተነዋል። ከተማሪዎቼ የአንዳንዶቹ ፕሮፋይል ላይ ከዚያ ወዲህ ምንም አልተለጠፈም። ልደታቸው ሲደርስ ግን ፌስቡክ ያስታውሰኛል፣ "መልካም ልደት በላቸው" ይለኛል። ምን ብዬ ልጻፍ?

ባለፈው ሳምንት በኢንቦክስ "ቲቸር፣ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?" ያልከኝ ልጅ፣ ሂድም አትሂድም አልልህም። ኑሮ እንደከበደህ አውቃለሁ፣ ደሞዝ መሆኑም ይገባኛል። ብቻ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ግቢ ብቅ በል። ጋሼ ተረኛ ናቸው፤ ቡናው በእኔ።