ጸጋ ወረፋ የለውም

በመድረኮቻችን ላይ የሚዞር አንድ ምሳሌ አለ። «የዓለም ሰዎች ለሁለት ሰዓት ቲያትር ትኬት ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ተሰልፈው ያድራሉ። እናንተ ግን ለጌታ አንድ ሌሊት መትጋት አቃታችሁ!» ይባላል። ጉባኤው አንገቱን ይደፋል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል፣ በሚቀጥለው አርብ የአዳር ጸሎቱ ይሞላል። ስለዚህ ምሳሌው ይሠራል። እኛ ግን ከመድረክ ይውረድ እንላለን። ይህን የምንለው ጸሎትን አቅልለን አይደለም። ምሳሌው ሰዎችን ወደ ጸሎት እየጠራ ወንጌሉን ስለሚያጣምም ነው።

በመጀመሪያ ምሳሌው የተወሰደበትን ሰልፍ በቅጡ እንየው። ኒውዮርክ ከተማ በሴንትራል ፓርክ ውስጥ ደላኮርት የሚባል ጣሪያ የሌለው ቲያትር አለ። ከ1962 ጀምሮ በበጋ ምሽቶች የሼክስፒር ተውኔቶች በነጻ ይታዩበታል። መቀመጫው ወደ 1,800 ገደማ ነው። የዕለቱ ትኬት የሚታደለው እኩለ ቀን ላይ ሲሆን ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ አይሰጥም። በ2001 ሜሪል ስትሪፕ፣ በ2010 ደግሞ አል ፓቺኖ እንደተጫወቱበት ያለ ጊዜ ሲመጣ ሰዉ ከማታ ጀምሮ ይሰለፋል። ፓርኩ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ዝግ ስለሆነ አዳሪዎቹ ከአጥሩ ውጭ የእግረኛ መንገድ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው ይተኛሉ። ሲነጋ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ይገባሉ። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ጓደኛ ሰልፉ መካከል አይገባም፣ ቦታውን ትቶ የሄደም ቦታውን ያጣል።

ይህን ሰልፍ አንንቅም። ባለጠጋውም ተማሪውም እኩል የሚቆምበት፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ የሚስተናገድበት ነውና ለቲያትር ትኬት ፍትሐዊ መንገድ ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ይህ ሰልፍ ወደ እግዚአብሔር ለሚደረግ ጉዞ ምሳሌ ሊሆን ይችላል ወይ? አይችልም። ምክንያታችንን እንዘርዝር።

ሰልፍን የሚፈጥረው እጥረት ነው። 1,800 መቀመጫ ባለበት ቦታ አምስት ሺህ ሰው ሲመጣ ሌሊቱ ዋጋ ያገኛል። ማንም ሰው ለሁሉ የሚበቃ ነገር ለመቀበል አስፋልት ላይ አያድርም። ታዲያ «እነርሱ ለቲያትር እንደሚያድሩ እናንተም ለእግዚአብሔር እደሩ» ስንል ሳናውቀው ስለ እግዚአብሔር ምን እያልን ነው? የእርሱም ቤት መቀመጫው የተቆጠረ ነው፣ ቀድሞ ያልደረሰ በሩ ይዘጋበታል፣ አንዱ ሲገባ ለሌላው ይጎድላል እያልን ነው። ጌታ ስለ ታላቁ እራት በተናገረው ምሳሌ ግን ድሆችና አንካሶች ከየመንገዱ ተሰብስበው ከገቡም በኋላ ባሪያው ለጌታው ያመጣው ወሬ ገና ስፍራ እንዳለ ነበር (ሉቃ. 14፥22)። በዚያ ቤት ያስቸገረው የእንግዳ መብዛት አልነበረም፤ የተጠሩት አንመጣም ማለታቸው ነው።

ሌላው ምክንያታችን ዕዳን ይመለከታል። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሰው እኩለ ቀን ላይ ትኬት ማደያው መስኮት ሲደርስ «ይገባኛል» ቢል ትክክል ነው። ሕጉን ጠብቋል፣ ብርዱን ችሏል፣ ባይሰጡት በደል ይሆንበታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለሚሠራ ሰው ደመወዙ እንደ ዕዳ እንጂ እንደ ጸጋ እንደማይቆጠር ያስተምረናል (ሮሜ 4፥4)። የሰልፉን ምሳሌ የተቀበለ ልብ ከአዳር ጸሎት የሚወጣው እንደ ባለመብት ነው። ይህን ያህል አድሬ፣ ይህን ያህል ጾሜ፣ እንዴት ሥራ አላገኘሁም? እንዴት ቪዛዬ አልመጣም? እንዴት ልጄ አልተፈወሰም? ያገኘ ሲመስለው ይታበያል። ያላገኘ ደግሞ አንድ ሌሊት ጎድሎብኝ ይሆናል ብሎ ራሱን ይከሳል። በዚህ መንገድ ስንት ወገኖቻችን ደክመው ከቤቱ እንደቀሩ እረኞች የሆናችሁ ታውቃላችሁ።

ምሳሌው የሚያቆስለውም ሰው አለ። ያው ቲያትር ቤት ዕድሜያቸው 65 ለሞላና ከዚያ በላይ ለሆኑ አረጋውያን እንዲሁም ለአካል ጉዳተኞች ለብቻው ሰልፍ አዘጋጅቷል። ሁሉም ሰው መንገድ ላይ ማደር እንደማይችል ተረድቷል ማለት ነው። እኛስ? በመድረኩ ፊት የተቀመጠችው ነርስ የሌሊት ተረኛ ናት። ያ ወንድም ጥበቃ ነው፣ ሌሊቱን የሚያሳልፈው የሰው ንብረት ሲጠብቅ ነው። ያቺ እናት ሕፃኗ ከሌሊት አራቴ ያስነሣታል። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን፣ ስብከቱን በስልኳ ሹልክ ብላ የምትሰማው፣ ሌሊቱም አርቡም የእሷ አይደሉም። እነዚህን ሰዎች «ለቲያትር የሚያድሩ እንኳ በለጧችሁ» ብሎ መውቀስ ከቲያትር ቤት ያነሰ ርኅራኄ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የወረፋ ታሪክ አለው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዙሪያ ብዙ ሕመምተኞች የውኃውን መናወጥ እየጠበቁ ይተኙ ነበር። በዚያ ቦታ ሕጉ ቀድሞ የደረሰ ያገኛል የሚል ነበር። ከመካከላቸው አንዱ በደዌው 38 ዓመት የቆየ ሰው ነው። በጥበቃ የሚበልጠው ማን ነበር? ሆኖም ሊገባ ሲል ሁልጊዜ ሌላው ይቀድመዋል፣ የሚያግዘውም ሰው የለውም (ዮሐ. 5፥7)። ጌታ ኢየሱስ ወደዚያ ሲመጣ ምን አደረገ? ስለ ትጋት አላስተማረውም። ወረፋውን አላሻሻለለትም፣ ተሸክሞም ወደ ውኃው አላስገባውም። ውኃውን ትቶ በቃሉ አነሣው። በዚያ ቀን ሰልፉ ለዚያ ሰው አበቃ። እኛ ግን ጌታ ያነሣውን ሰው መልሰን ውኃው ዳር እናስተኛዋለን።

በመጨረሻ ይህ ነገር ወዴት እንደሚያደርስ እንይ። ጥበቃ ዋጋ ከሆነ ዋጋውን በገንዘብ የሚከፍል ይመጣል። በዚያው በሴንትራል ፓርክ ለነጻው ትኬት ሌላ ሰው ተክተው የሚያሰልፉ ሰዎች ተነሡ። ለአንድ ነጻ ትኬት እስከ 125 ዶላር ይጠየቅ ነበር። በ2010 የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አንድሩ ኩሞ ይህን ንግድ ለማስቆም ተነሡ። ለሕዝብ በነጻ የተሰጠ ነገር መሸጡ ለዓለም ሕግ አስከባሪ እንኳ ነውር ሆኖ ታይቶታል።

በእኛ ዘንድስ? በአንዳንድ ጉባኤዎች «ነቢዩ» እጁን እንዲጭንለት ሰው ከሌሊት ጀምሮ አጥር ጥግ ያድራል። ቁጥር ይታደላል። ከዚያ ቁጥሩ ይሸጣል። የፊት ወንበር ቪአይፒ ተብሎ ዋጋ ይወጣለታል። ፖስታ ያቀበለ ስሙ ወደ ላይ ይወጣል፣ አስተናጋጅ የሚያውቅ በጓሮ በር ይገባል። ከክፍለ ሀገር የመጣች፣ የታመመ ልጇን ያዘለች እናት ግን ለሦስተኛ ቀን ውጭ ናት። ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ባሰበ ጊዜ ጴጥሮስ ገንዘብህ ከአንተ ጋር ይጥፋ ብሎ ገሠጸው (ሐዋ. 8፥20)። ዛሬ ሲሞን ቢመጣ ደረሰኝ የሚቆርጥለት አናጣም። ያዕቆብም ባለጠጋውን በመልካም ስፍራ አስቀምጦ ድሃውን በእግሬ በታች ተቀመጥ ማለት ክፉ ፍርድ መሆኑን ጽፎልናል (ያዕ. 2፥2-4)። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንዲት ትንሽ ሐሳብ ነው። እርስዋም እግዚአብሔር ወረፋ አለው፣ ወረፋውንም የሚያስከብሩ ሰዎች አሉት የምትል ናት።

ከቲያትሩ ታሪክ የምንማረው ካለ ይህን እንማር። ሼክስፒርን በሴንትራል ፓርክ በነጻ ማሳየት የጀመረው ጆሴፍ ፓፕ የሚባል ሰው ነበር። የከተማው የፓርኮች ኃላፊ ሮበርት ሞዝስ፣ ተመልካቹ ሣሩን ስለሚጎዳ ለማስጠገኛ መግቢያ ይከፈል አለው። ሞዝስ በከተማው እጅግ የሚፈራ ባለሥልጣን ነበር። ፓፕ ግን እሺ አላለም። ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1959 በይግባኝ ረታ። አንድ የቲያትር ሰው ተውኔት በነጻ እንዲቀርብ ከባለሥልጣን ጋር ተሟገተ። በነጻ ተቀብላችሁ በነጻ ስጡ የተባልነው እኛ (ማቴ. 10፥8)፣ የልጁ ደም የተከፈለበትን ጸጋ በነጻ ለማቆየት ከማን ጋር ተሟገትን? ስንቶቻችንስ በአዳራሻችን ቁጥር ሲሸጥ እያየን አገልጋይ መቃወም ይሆንብናል ብለን ዝም አልን? በመድረክ ላይ ይህ ይነገር።

«እንዲህ ካስተማራችሁ ሕዝቡ ይተኛል፣ የሚጸልይ ይጠፋል» የሚሉን አሉ። ፍርሃታቸውን እንረዳዋለን፤ የጸሎት ስንፍና በመካከላችን እንዳለም አንክድም። ግን ቅዱስ ቃሉ ስለ መጠበቅ ሲናገር ዘበኛ ንጋትን እንደሚጠብቅ ነው ያለው እንጂ ገዢ ትኬትን እንደሚጠብቅ አላለም (መዝ. 130፥6)። ዘበኛ ንጋትን በእንቅልፍ ማጣቱ አይገዛውም። እርሱ ነቃም አንቀላፋም ፀሐይ ትወጣለች። እርሱ የሚተጋው ንጋቱ እንደማይቀር ስለሚያውቅ ነው። ደቀ መዛሙርቱም በኢየሩሳሌም እንዲቆዩ ሲታዘዙ የሚጠብቁት አብ አስቀድሞ ተስፋ የሰጠውን ነበር (ሐዋ. 1፥4)። መንፈስ ቅዱስ በመጣ ጊዜም በሁሉም ላይ አደረ፤ ቀድሞ የደረሰ፣ ዘግይቶ የደረሰ ተብሎ አልተለየም። እኛም እንዲሁ እንደር። ልጅ ከአባቱ ጋር ሲያመሽ ሰዓቱ እንዳይታወቀው በፍቅር እንደር። በፍርሃትና በወቀሳ የተሞላ አዳራሽ ወቀሳው ሲበርድ ይጎድላል፤ ጸጋ የገባው ልብ ግን ማንም ሳይቆጥርበት በጓዳው ይጸልያል።

እንግዲህ ሰባኪዎቻችን ሆይ፣ ሕዝቡን ወደ ጸሎት ጥሩት፤ ነገር ግን በመስቀሉ በኩል ጥሩት። መጋረጃው ከላይ እስከ ታች የተቀደደው እኛ ተሰልፈን ስለነበር አይደለም። የአጥቢያ መሪዎች ሆይ፣ በጉባኤያችሁ ቁጥር የሚሸጥ፣ ወንበር የሚያከራይ፣ የጓሮ በር የሚከፍት ካለ ዛሬ አስቁሙት። ቅዱሳን ሆይ፣ ጸሎታችሁን ለማሰማት ከአንድ ሰው እጅ ሥር መድረስ አያስፈልጋችሁም። ወደ ጸጋው ዙፋን በእምነት እንድንቀርብ ታዝዘናል (ዕብ. 4፥16)፤ ወደዚያ ዙፋን የሌሊት ተረኛዋም በሥራዋ መካከል፣ በሰው አገር በሰው ማድ ቤት ያለችውም እንባዋን እየዋጠች ትደርሳለች።

ገና እየፈለጋችሁ ያላችሁ፣ «እኔ ዘግይቻለሁ፣ ከእኔ በፊት ብዙ ጻድቃን ተሰልፈዋል» የምትሉ፣ ለእናንተ ልዩ መልእክት አለን። ከፊታችሁ የተሰለፈ የለም። ገንዘብ የሌላችሁ ኑና ግዙ የሚለው የኢሳይያስ ጥሪ (ኢሳ. 55፥1) የመዝጊያ ሰዓት አልተጻፈበትም። ዋጋው ተከፍሏል፤ የከፈለውም ሞቶ ተነሥቷል። ዛሬ አሁን ባላችሁበት ስሙን ጥሩ፤ ይሰማችኋል።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።