ጌጁን አትንቀሉት!

እስቲ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ። በተለይ ወልቂጤና ቡታጅራ ጋራዥ የከፈታችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ስሙኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ኤንትሬ አየሁ። ፊያት 682፣ ሞተሩ ሲነሳ መሬት ያንቀጠቅጣል። ዳሽቦርዱ ግን ባዶ! ክብ ክብ ጌጆቹ በሙሉ ተነቅለው፣ በቦታቸው ቮልትና ሙቀት ብቻ የሚያሳይ ሰማያዊ ዲጂታል ተለጥፏል። ሾፌሩን «የፍሬኑን አየር በምን ታያለህ?» አልኩት። «በልምድ ነዋ ጋሼ!» አለኝ።

በልምድ! ከወልቂጤ ወደ ጊቤ በረሃ የሚወርደውን ቁልቁለት የማታውቁት አላችሁ? ጭነት ይዞ ፍሬን ደጋግሞ ለሚረግጥ ሰው አየሩ ማለቁን ቀድሞ የሚነግረው ያ ጌጅ ነው። ደግሞ ኤሌክትሪክ እንኳ አይፈልግም። በቀጭን ቱቦ የሚመጣው አየር ራሱ ነው ቀስቱን የሚገፋው። ባትሪ ቢሞትም ይሠራል። ታዲያ እሱን መንቀል ምኑ ነው ዘመናዊነቱ?

«የዘይቱ ቀይ መብራት ይበቃል» የሚለኝም አለ። አይበቃም! መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ቀስት ግን ገና መውረድ ሲጀምር ያሳያል። በሁለቱ መሃል አንድ ሙሉ ሞተር አለ።

«ሽቦው አርጅቷል» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ ቀይሩት። ፊውዝ ጨምሩ፣ የድሮውን ዲናሞ በአልተርኔተር ተኩ፣ ማን ከለከላችሁ? የድሮው አምፔር ጌጅም ይውጣ፤ ምክንያት አለው። የቻርጁ ከረንት በሆዱ ስለሚያልፍ ትልቅ አልተርኔተር ከገጠማችሁበት ሽቦው ይግላል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። በምትኩ ቮልት ጌጅ ግጠሙ። 24 ቮልት መኪና ቻርጅ ሲያደርግ 28 አካባቢ ያሳያችሁ።

የነዳጁስ? ጌጅና ሴንሰር ባልና ሚስት ናቸው። አንዱ ዓይነት ሴንሰር ባዶ ሲሆን 10 ኦም፣ ሲሞላ 180 ይሰጣል። ሌላው ባዶ ሲሆን 240፣ ሲሞላ 33። ሳትለኩ ካጋባችኋቸው ታንከሩ ሲያልቅ «ሙሉ ነው» ብሎ በረሃ ላይ ያቆማችኋል። ከዚያ «ጌጁ ድሮም አይሠራም» ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። ጌጁ ምን አጠፋ? መልቲሜትር ለማንሳት 5 ደቂቃ የሰነፈው ማን ነው?

ሾፌሩ አያውቅም ይሆናል፣ አልፈርድበትም። እናንተ ግን አስተምሬያችኋለሁ።

ያልገባው ካለ ይምጣ፣ ቡና እየጠጣን አሳየዋለሁ። የነቀላችሁትን የአየር ጌጅ ግን ዛሬውኑ መልሱ።