በምድር ቤት ያለው የባቡር መስመር

ለዶክትሬት ትምህርት በጀርመን አገር በነበርንባቸው ዓመታት ክፍል ያከራዩን ጡረተኛ አዛውንት በቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ትንሽ የባቡር መስመር ይሠሩ ነበር። ርዝመቱ ስድስት፣ ወርዱ አራት ሜትር የሆነውን ክፍል ተራራው፣ ድልድዩና ጣቢያው ሞልተውታል። መጀመሪያ ያየን ዕለት በልባችን ፈገግ አልን፤ ሽማግሌ በልጅ መጫወቻ ሲጫወት! ጥቂት ሰንብቶ ግን ፈገግታው በእኛው ላይ ዞረ።

ባቡሩ መስመሩ ጫፍ ሲደርስ በምን መንገድ ይመለስ ብለው ጠየቁን። ሐዲዱን እንደ ቀለበት አዙሮ ከመጣበት መስመር ጋር መልሶ ማጋጠም ነው አልናቸው፤ በወረቀትም ነድፈን ሰጠናቸው። ሳይከራከሩ ሠሩት። ኤሌክትሪኩ በተለቀቀ ጊዜ ሾርት ሆነና ሁሉም ጸጥ አለ። ምክንያቱን አንባቢ ሁለቱን ሐዲዶች በእርሳስ ሥሎ ሊያየው ይችላል፤ ቀኙ ሐዲድ ዞሮ ዞሮ ከግራው ጋር፣ ፖዘቲቩም ከኔጌቲቩ ጋር ይገናኛል። መድኃኒቱ ቀለበቱን በሁለቱም ጫፎች በቀጭን ክፍተት ከዋናው መስመር መለየት፣ ባቡሩ በቀለበቱ ውስጥ ሳለም የዋናውን መስመር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መገልበጥ ነው። የኤሌክትሪክን ጠባይ አጠናለሁ የሚል ሰው ይህን መዘንጋቱ ያሳፍራል። አዛውንቱ እንዳላዩ ሆነው ቡና ሊያፈሉ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ የተረዳነው፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሲታቀድ ከሁሉ አስቀድሞ አብሮ የማያንሰውን ነገር ለይቶ ማወቅ እንደሚያስፈልግ ነው። አዛውንቱ የሚሠሩበት መስፈርት 1፡87 ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 16.5 ሚሊሜትር ነው፤ በ87 ሲባዛ 1435 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም ስፋቱ ይኸው ነው። ርዝመት በ87 ሲያንስ ስፋት በ7569፣ ይዘት በ658,503 ያንሳል። ስለዚህ 80 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በዚህ ስሌት 121 ግራም ብቻ መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን እንዲህ የቀለለ እንደሆነ ጎማው እየተንሸራተተ ፉርጎዎቹን መጎተት ስለሚሳነው ሠሪዎቹ ሆን ብለው ያከብዱታል።

ኩርባውስ? 300 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ በዚህ መስፈርት ወደ 3.5 ሜትር ይጠጋል፤ ግማሽ ክብ ለማዞር ብቻ ሰባት ሜትር ወርድ ይጠይቃል። የአዛውንቱ ክፍል አራት ሜትር ነው። በ60 ሳንቲሜትር ራዲየስ አዞሩት፤ ይህ በእውነተኛው ዓለም 52 ሜትር ማለት ነው፤ ረጅም የመንገደኛ ባቡር ፈጽሞ የማይደፍረው። አሳፋሪውን ኩርባ በተራራና በዋሻ ሸሸጉት። ተራራው ለጌጥ ብቻ የቆመ የመሰለን ተሳስተን ኖሯል!

አንድ መስመር በሌላው ላይ ተሻግሮ እንዲያልፍ ስምንት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ዳገቱ ከመቶ ሁለት ከሆነ ለመውጣት አራት ሜትር፣ ለመውረድ ሌላ አራት ሜትር ሐዲድ ይፈጃል። የሐዲዱ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ደግሞ ጭራሽ ይጨምራል፤ ከአንድ ዓይነት ብረት የተሠራ ሐዲድ በሁሉም አቅጣጫ 87 ጊዜ ቢያንስ ተቃውሞው 87 ጊዜ ያድጋል፤ ርዝመቱ በ87 ሲያጥር የቁርጡ ስፋት በ7569 ይቀንሳልና። በኮምፔንሳቶው ሥር ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተዘርግቶ በየሜትሩ ወይም በየሁለት ሜትሩ ከሐዲዱ ጋር የሚበየደው ስለዚህ ነው። የሰው ክንድም አያንስም። ከጠረጴዛው ጠርዝ 75 ሳንቲሜትር አልፎ የወደቀ ፉርጎ እጅ አይደርስበትም፤ በጠረጴዛው መካከል ሰው ብቅ የሚልበት ቀዳዳ ይተዋል። ይህን ጄሶው ከደረቀ በኋላ ያስታወሰ ሰው መጋዝ ያነሣል።

በሞንተሬይ፣ ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው ጆን አለን በዚሁ መስፈርት በቤቱ ምድር ቤት ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱ ተራሮችን ሠርቶ፣ በመስታወት ክፍሉን አስፍቶ እያሳየ፣ ባቡሮቹን ከወዳጆቹ ጋር እንደ እውነተኛ ድርጅት ሥርዓት ሲያንቀሳቅስ ኖረ። እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ዐረፈ፤ በዚያው ወር እሳት ተነሥቶ አብዛኛውን የእጁን ሥራ በላው።

በእኛ ዘንድ ተማሪው የመመረቂያ ሥራውን ይነድፋል፣ ያሰላል፣ ያስጠርዛል፤ ወረቀቱም መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ቤተ ሙከራ ሲገባም መሣሪያው ተገጣጥሞ ይጠብቀዋል፤ የእርሱ ድርሻ ቁጥር ማንበብ ነው። ስሕተቱ ሾርት ሆኖ ፊቱ ላይ ጸጥ ብሎበት አያውቅም። የመሣሪያ እጥረት አለ መባሉን አንክድም፤ ሆኖም አንድ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ከተሰበረ ቴፕ ሪከርደር የወጣ ሞተርና ጥቂት ሽቦ የማይገኝበት ከተማ አናውቅም። ፈተና ለማረም ከምናጠፋው ጊዜ ከፍለን እንዲህ ያለ ሥራ ብናስጀምር፣ እኛ መምህራንም ጭምር፣ እንጠቀማለን ብለን እናምናለን።

እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። የድሬዳዋን ጣቢያ በ1፡87 ልሥራ የሚል ተማሪ ቢነሣ 11.5 ሚሊሜትር ያስፈልገዋል፤ ተሠርቶ የሚሸጠው ሐዲድ ግን 12 ነው። ግማሿን ሚሊሜትር ይለፋት ወይስ ሐዲዱን ራሱ ይሥራ? እኛ ብንሆን 12ቱን ገዝተን ጊዜያችንን ለኩርባው እናውል ነበር።